ለላቡ ጋሼ ምስጋና፣ ለፍሬሽማኖች ጥቆማ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጄኔራል ኬሚስትሪ ለሚወስዱ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማኖች ላብ የሚያሠሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ ቲቶሪያል የሚሰጡ፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው የላብ ቴክኒሽያን አሉ። «ስሜ ይቅር» ስላሉ አልጻፍነውም። እኛ ከሳቸው እጅ ያለፉትን ልጆች በሁለተኛ ዓመት አናሊቲካል ኬሚስትሪ የምንቀበል መምህራን ነን። ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ረጅም የመስታወት ቱቦ) አያያዛቸውን አይተን ብቻ ማን እንዳስተማራቸው እናውቃለን። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ሌላ ቦታ የሚሆነውን የኮርሱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሃያ ተማሪ አንድ ቡሬት ከቦ ይቆማል፤ አንዱ ይሠራል፣ የቀረው ቁጥር ይገለብጣል። «ሪኤጀንት አልቋል፣ ዳታውን ከዓምናው ሪፖርት ውሰዱ» የሚባልበትም አለ። ቲቶሪያል ተብሎ ብር የሚሰበሰብበት ቤት ደግሞ ያለፈውን ፈተና መልስ ከነፊደሉ ያስሸመድዳል፤ ፈተናው ላይ ግራሙ በተቀየረ ቀን ተማሪው ባዶ እጁን ይቀራል። የት እንደሆነ አንጠቅስም። የከፈለ ወላጅ ያውቀዋል።

ይህን ያስጻፈን ግን የማግኒዝየሙ ሙከራ ነው። ማግኒዝየም ሪባን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ሃይድሮጅን ውሃ በሞላ ቱቦ ይሰበሰብና የጋዞች ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም አር፣ ይሰላበታል። ማንዋሉ 0.04 ግራም ሪባን ይላል። ይህ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፤ እዚያ 41 ሚሊ ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣል፣ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦም ይበቃዋል። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው እንጂ 760 አይደለም። ያው 0.04 ግራም እዚህ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ 54 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ጋዙ ቱቦውን ሞልቶ በታች ያመልጣል። ተማሪው የራሱን እጅ ይወቅሳል፣ አስተማሪውም አብሮ የተማሪውን እጅ ይወቅሳል!

ጋሼ ሪባኑን ወደ 0.03 ግራም አወረዱት፤ ጋዙ 40 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይቆማል። ከዚያ ባሮሜትሩን እያንዳንዱን ተማሪ ያስነብባሉ። ጋዙ የተሰበሰበው ውሃ ላይ ስለሆነ የውሃው ትነት ግፊት፣ በ22 ዲግሪ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ይቀነሳል፤ ለሃይድሮጅኑ የሚቀረው 560 ነው። ከልማድ 760 ብሎ የጀመረ ሰው አርን 0.108 ያገኛል፤ ትክክለኛው 0.0821 ነው። አንዲት ተማሪ ይህ ደርሶባት ሪፖርቷ ላይ 0.082 ብላ ልታስተካክል ስትል «ቁጥርሽን አትንኪው፣ ግፊቱን ከየት እንዳመጣሽው ንገሪኝ» አሏት። ቆጣ አላሉም፣ ማርክም አልቀነሱም። ባሮሜትሩ ጋ ይዘዋት ሄዱ፤ ስሌቱን እንደገና ሠርታ ጨረሰች። ፍሬሽማን ላብ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ብርቅ ነው።

ታይትሬሽን ላይም፣ ማለትም አሲድን በቤዝ እያንጠባጠቡ በመለካት ሥራ፣ እንዲሁ ናቸው። ቡሬቱ በውሃ ከታጠበ በኋላ በሚሞላበት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይለቀለቃል፤ ግድግዳው ላይ የቀረ ውሃ ሶሉሽኑን ያቀጥነውና ንባቡ ከሚገባው በላይ ይሄዳል። ኮኒካል ፍላስኩ ግን በተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚለቀለቀው፤ በአሲዱ ከተለቀለቀ በፒፔት (በመምጠጫ መለኪያው) ከገባው 25 ሚሊ ሊትር ሌላ ያልተቆጠረ አሲድ ይኖረዋል። ቡሬቱ የተሞላበት ፈነል ይነሳል፤ ካልተነሳ መሃል ላይ ያንጠባጥባል። ከቧንቧው ጫፍ የአየር አረፋው የሚወጣው ከመጀመሪያው ንባብ በፊት ነው፤ በኋላ ከወጣ ፍላስኩ ውስጥ ያልገባው ሁሉ እንደገባ ይቆጠራል። ቀለም አመልካቹ ፊኖልፍታሊን 2 ወይም 3 ጠብታ። ፈዛዛ ሮዝ ቀለም 30 ሰከንድ ከቆየ ማቆም ነው፤ ደማቅ ከሆነ አልፏል፣ ይደገማል። ፈዛዛው ከደቂቃዎች በኋላ ቢጠፋ ከአየር የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ጠብታ አይጨመርም። ሁለት ንባቦች በ0.10 ሚሊ ሊትር ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ ማንንም አያስወጡም።

ደግሞም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን መዝኖ ማመን የለም። 1.00 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ነው የሚለው ወረቀት ላይ ነው፤ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ሚዛኑ ላይ ያረፈው ሁሉ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አይደለም። ስለዚህ 0.51 ግራም ገደማ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት አስመዝነው የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ጥንካሬ መጀመሪያ በሱ ያስለኩታል፤ 25 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሊወስድ ይገባል።

የቅዳሜው ቲቶሪያል ስሌት ነው። ሊሚቲንግ ሪኤክታንት (ቀድሞ የሚያልቀው ንጥረ ነገር) ላይ ግራም ከግራም ማወዳደር ክልክል ነው፤ ሁሉም አስቀድሞ ወደ ሞል፣ ወደ ቅንጣት ብዛት መለኪያው፣ ይቀየራል። 4 ግራም ሃይድሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን ሲሰጥ ብዙዎች ትንሹን ግራም አይተው ሃይድሮጅን ያልቃል ይላሉ። ሞሉ 2 እና 0.5 ነው፤ ለአንድ ሞል ኦክስጅን ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ስለሚያስፈልግ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፣ 18 ግራም ውሃ ይወጣል፣ 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። ተደምሮ 20 ግራም መምጣቱን ሳያረጋግጥ መልስ የጻፈ ይመለሳል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ) ላይ ደግሞ የሚወዷት ጥያቄ አለች፦ 0.00000001 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ ስንት ነው? ካልኩሌተሩ 8 ይላል። አሲድ ጨምረን ቤዝ? የውሃው የራሱ ሃይድሮጅን አዮን ሲታሰብ 6.98 ነው። ሲግኒፊካንት ፊገር (መልሱ ውስጥ የሚቆጠሩ አሃዞች) ላይ ትንሽ ይበረታሉ፤ ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ኮርሱን የምትወስዱ፣ ሂዱ። እህት ወንድም ያላችሁም ላኩ። ክፍያው ለከበደው ሰው አይጠይቁም፤ ይህንንም ራሳቸው አይናገሩም። ጋውን፣ ድፍን ጫማ፣ ካልኩሌተርና በእስክሪብቶ የሚጻፍ ደብተር ያዙ፤ በእርሳስ የተጻፈ ዳታ አይቀበሉም። ረጅም ጸጉር ይታሰር። ከሚድ በፊት ባለው ቅዳሜ ቦታ ስለማይገኝ ስቶይኪዮሜትሪ (የግራምና የሞል ስሌቱ) ሲጀመር ሂዱ፤ ስትሄዱም ያልገባችሁን ጥያቄ ራሳችሁ ሞክራችሁ፣ የተሳሳተውንም ሳትሰርዙ ያዙላቸው፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።