ጅማ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች፣ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ልታሰሩ ከሆነ እኚህን አናጢ ሳታዩ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍሉ

ሰላም ጅማዎች። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ፊት ለፊት ሳመሰግናቸው «ተይ ቲቸር ስራዬ ነው» ብለው ወደ መላጊያቸው ይዞራሉ፣ መላጊያው ሲጮህ ደሞ የኔ ድምጽ አይሰማም፣ ስለዚ እዚህ ልጻፈው ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል። ረዘም ይላል ታገሱኝ።

እዚሁ ጅማ የመንግስት ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነኝ። የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አልነግረውም። ሌላው አገር ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ እኛ ጋ ሚያዝያም ግንቦትም ይዘንባል፣ መስከረም ትምህርት ሲከፈትም ገና አላባራም። ሜዳችን ጭቃ ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት እንግዲህ ሰሌዳ ላይ «የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመት 18 ሜትር ስፋት 9 ሜትር» ብሎ ጽፎ ማስገልበጥ ሆኖ ነበር፣ እኔም አፍር ነበር እነሱም ይሰለቹ ነበር። ሜዳው ሲደርቅ ደሞ ወንዶቹ እግር ኳሱን ይዘው ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ዛፍ ስር ተቀምጠው ፀጉር ይሰራራሉ። እኔ ራሴ ከዛፍ ስሮቹ ነበርኩ እኮ። ከዛ ያስነሳኝ ፒንግ ፖንግ ነው፣ ካምፓስ ስገባ የዶርም ጓደኛዬ «ነይ ብቻዬን አልሄድም» ብላ ጎትታ ወስዳኝ፣ በዛው ቀረሁ።

ስለዚ ዳይሬክተራችንን ለምኜ ለምኜ አንድ አዳራሽ አስፈቀድኩ። አዳራሽ ስላችሁ የተሰበረ ዴስክ የሚጣልበት ክፍል ነው። ሁለት ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ጋር ጠርገን አወጣነው። ክፍሉ ተገኘ፣ ከወላጆች ትንሽ ትንሽ ብር ተዋጣ፣ ጠረጴዛ ብቻ ቀረ።

ጉዴ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት የስፖርት ዕቃ አስመጣለሁ የሚል ሰው ጋ ነበር። ስሙንም ቦታውንም አልጠራም ፈጣሪ ያውቀዋል። ቀብድ ተቀበለ፣ «በሁለት ሳምንት» አለ። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ «ጅቡቲ ወደብ ነው»፣ ከዛ «ጉምሩክ ይዞታል»፣ ከዛ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ታነሳልኝ ጀመር። የወላጅ ብር ነው እኮ! ጉሊት ቲማቲም ሸጣ ያዋጣች እናት አለች። በሽማግሌ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹን ትቼዋለሁ፣ ማለቴ አልተውኩትም ግን አቅም የለኝም።

ሁለተኛው እንጨት ቤት ነው። ልኩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት፣ ርዝመት 2 ሜትር ከ74፣ ስፋት 1 ሜትር ከ52 ተኩል፣ ከፍታ 76 ሳንቲም። «ቀላል ነው» አለኝ። ይዞት የመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ሙሉ ቺፑድ፣ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል እግር መቶበት። ለካሁት፣ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22። ወረቀቱን ሳሳየው «ሉሁ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው ምን ላድርግ፣ ደሞስ የሚጫወቱበት ልጆች አይደሉ እንዴ» አለኝ። ልጆች አይደሉ እንዴ! ይቺ ቃል እስካሁን ታቃጥለኛለች። በዛ ላይ ቆርቆሯችን አንድ ሌሊት አፈሰሰና ጠዋት ስንገባ ቺፑዱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጠበቀን።

በቃ ልተወው ብዬ ነበር። የጊቢያችን ጥበቃ ናቸው ተዪ አንድ ሰው አውቃለሁ ብለው ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የወሰዱኝ። ጋሼን ያገኘኋቸው እንደዛ ነው። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ያቺን ባለ ሶስት እግር የጅማ በርጩማ የሚሰሩ ሽማግሌ ናቸው፣ የመነጽራቸው ክንድ በክር የታሰረ። ልኩ ያለበትን ወረቀት ስሰጣቸው ሳያዩት አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። «ኳሱን አምጪ» አሉኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ነበረች፣ ሰጠኋቸው። በሁለት ጣታቸው ይዘው አሽከረከሯት፣ ወደ ላይ ነጠር አደረጓት፣ እንደገና ያዟት፣ ከዛ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ኳስ አድጓል እንዴ?»

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ። በደርግ ጊዜ ወጣት ሆነው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ይጫወቱ እንደነበር፣ ከዛ ወዲህ ራኬት ነክተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። የኳሱ ነገር ከነከነኝና ማታ ቤት ገብቼ ሳይ እናንተዬ እውነታቸውን ነው! ኳሱ ድሮ 38 ሚሊ ነበር፣ ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው 40 ሚሊ የሆነው። ሁለት ሚሊ! ሰላሳ ምናምን አመት ሳይነኩት ጣታቸው አልረሳም። እኔ የሰለጠንኩት ሴትዮ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ልክ ባልሆነ ሰው እጅ እንዳልወደቅኩ ያን ቀን ገባኝ። (በማግስቱ ጨዋታው አሁን በ21 ሳይሆን በ11 እንደሚያልቅ ስነግራቸው ግን ተቆጡ። «በ11? ሰው ሳይሞቀው!»)

ቀብድ ስላቸው የእንጨቱን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። «የእጄን ልጆቹ ሲጫወቱ ካየሁ በኋላ» አሉ። ለመሆኑ ከውጭ ለማስመጣት ቀብድ ከፍዬ እንደተበላሁ ስነግራቸው ደሞ ስራቸውን አቁመው «አባ ጅፋር ቤተ መንግስታቸውን ጅሬን ላይ በእንጨት ያቆሙበት አገር ሆኖ አንድ ጠረጴዛ ከባህር ማዶ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ክፍሉን ሊያዩ ትምህርት ቤት መጡ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለኝ በዊልቸር የሚሄድ፣ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሌ ነጥብ መዝጋቢ ነው፣ እውነቱን ልናገር ከዛ የተለየ ነገር አስቤለት አላውቅም። ያን ቀንም ደብተሩን ታፋው ላይ አድርጎ በር ጋ ነበር። ጋሼ ሜትራቸውን መዘዙና «አንተ ጎበዝ፣ ና እስቲ ጫፏን ያዝልኝ» አሉት። መጣ። ያዘ። «ትንሽ ጠጋ በል። ጉልበትህ ላይ አድርጋት። ቆይ እንዳትነቃነቅ» እያሉ ለኩ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አንስተው እጃቸው መዳፍ ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ። እኔ ግድግዳውን የሚለኩ ነው የመሰለኝ፣ ልጁም እንደዛ ነው የመሰለው፣ ደስ ብሎት ሜትር ይዞ ነበር በቃ።

ጠረጴዛው በጋሪ መጣ። ሁለት ግማሽ ነው፣ በቸርኔራ ይታጠፋል፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነጭ መስመሩ ቀጥ ያለ። ከስሩ እንዳይጎብጥ የሆነ ነገር አስረውበታል፣ ከላይ ደሞ ሶስቴ የሆነ ነገር ቀብተውታል፣ አስረድተውኛል እኔም «እሺ እሺ» ብያለሁ ግን ምንም አልገባኝም። ውሃ ልክ አስቀመጡ፣ ወለላችን ጠማማ ነው፣ ሽብልቅ ጠርበው እግሩ ስር አስገቡ። ከዛ ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው አዘንብለው ኳሷን በየስንዝሩ እየጣሉ ማዳመጥ ጀመሩ፣ ሐኪም ደረት እንደሚመታው። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ዱ። ቆሙ። «እዚህ ጋ ሞቷል» አሉ። ምንም አልሰማሁም እኮ! እባክዎ ይተዉት ልጆቹ ቸኩለዋል ብዬ ለመንኩ፣ ወይ ፍንክች፣ አንዱን ግማሽ ፈትተው በራሳቸው ብር በጋሪ መልሰው ወሰዱት። በአራተኛው ቀን አመጡት። ከሄዱ በኋላ በማስመሪያ ለካሁ፣ ህጉ ከ30 ሳንቲም ላይ ስትጣል ወደ 23 መንጠር አለባት ይላል፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ትነጥራለች።

ሁሉም ሰልፍ ይዞ ሲጋፋ ጋሼ ያንን ልጅ ጠሩት። «ያን ቀን ሜትር የያዝከው፣ ና አንተ ነህ የምትመርቀው» አሉ። በአንደኛው ወገን ገባ። ገባ ስላችሁ ጉልበቱ ምንም ሳይነካ ጠረጴዛው ስር ገባ፣ ሆዱ ጫፉ ጋ ደረሰ። እግሮቹን ወደ ውስጥ ወስደው ነው የሰሯቸው፣ መጋጠሚያ እንጨቱንም ከዛ ወገን አንስተውታል፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ለኔም ለሱም። መዳፋቸው ላይ የጻፏት ቁጥር ያቺ ነበረች። በኋላ ሳነብ ዊልቸር ለሚጠቀም ተጫዋች የጠረጴዛው እግር ከጫፉ ቢያንስ 40 ሳንቲም ገባ ማለት አለበት ይላል። ጋሼ ህጉን አላነበቡም፣ ለልጁ ሜትር አስያዙት በቃ። ዞር ብዬ መረቡን የማስተካክል መሰልኩ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

አሁን ያ ልጅ ነጥብ አይመዘግብም፣ ሰርቩ አይቻልም። ፒንግ ፖንግ ፓራሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ ኦሎምፒክ የገባው ደሞ በ1988 ሴኡል ላይ ነው ብዬ ከነገርኩት ወዲህ «እኛ 28 አመት እንቀድማችኋለን» እያለ ክፍሉን አስቸግሯል።

ሁለተኛውንም ጠረጴዛ እሳቸው ሰሩልን። ክፍሌ ስልሳ ምናምን ተማሪ ነው፣ በሁለት ጠረጴዛ እንዴት ትችይዋለሽ የምትሉኝ አስተማሪዎች፣ መጀመሪያ ያሸነፈ ይቆያል ብዬ ተሳስቼ ነበር፣ ሶስት ወንዶች ብቻ ሙሉ ቀን ቆሙ። አሁን እስከ 5 ነጥብ ይጫወታሉ ያሸነፈም የተሸነፈም ይወጣል። ልምምድ ሲሆን ደሞ አንዱ ኳሷን መትቶ ዞሮ ወደ ሌላኛው ጫፍ እየሮጠ አስር ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ይጫወታል። ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶች ብቻ ነው፣ ዛፉ ስር አሁን ማንም የለም። መረቡ ሲረግብም አይጠሩኝም፣ ጋሼ 15 ሳንቲም ከሩብ የሆነች እንጨት ቆርጠው ሚስማር ላይ ሰቅለውልናል፣ ልጆቹ ራሳቸው በሷ ይለካሉ።

እና ወገኖቼ፣ ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ የወላጅ ኮሚቴ ያላችሁ፣ ወጣት ማዕከል ያላችሁ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ አሰሩ። ሁለተኛው እንጨት ቤት ከጠየቀን ባነሰ ነው የሰሩልን፣ በሱ ላይ ደሞ ያ ሁሉ ልብ አለበት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ «ሰው ከበዛብኝ አበላሻለሁ» ነው ያሉት። ኢንቦክስ አርጉልኝ አድራሻቸውን እሰጣለሁ፣ ባመቸኝ ቀን እራሴ ይዤአችሁ እሄዳለሁ። አርብ በጁምዓ ሰዓት እንዳትሄዱ ዝግ ነው። አታስቸኩሏቸው፣ ባሉት ቀን ያደርሳሉ። ጋሼ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ገለቶማ፣ ተማሪዎቼም ሁሉ አመስግኚልን ብለዋል።

አሁን የቀረችን ችግር ኳስ ብቻ ናት። ካመጣሁት አስራ ሁለት ኳስ ሶስት ብቻ ቀርቷል፣ አንዷም ተሰንጥቃለች። ለጋሼ ወስጄ ባሳያቸው «ይቺንስ አልችላትም» ብለው ሳቁብኝ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደህና ባለ 40 ኳስ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቀብድ የሚጠይቅ ሰው ግን እንዳትጠቁሙኝ።