«ያለ ቢላ፣ በሌዘር ብቻ ሞራ እንገፍፋለን» ለሚል ደላላ ቀብድ አትክፈሉ

ከመንዝም ሆነ ከመርሐቤቴ አባት ወይም እናታችሁን ለዓይን ሞራ ስታመጡ «ቢላ አይነካቸውም፣ በሌዘር ነው፣ በሞራው ምትክ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስም የአሜሪካ ነው» ብሎ ቀብድ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ብሩን ኪሳችሁ አቆዩት።

ዓይን ሳይከፈት ሞራ የሚያወጣ ሌዘር የለም። ሌዘር በብዛት የሚሠራው ከኦፕሬሽኑ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሲደበዝዝ ነው።

በእጅ በሚሠራው ቀዶ ሕክምና ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሰነጠቅና ወደ ውስጥ እንደ ዋሻ ይሰረሰራል። የዓይኑ ግፊት ራሱ ስለሚዘጋው ብዙ ጊዜ አይሰፋም፤ ስለዚህ «ያለ ስፌት» ለሚባለው ተጨማሪ አትክፈሉ። ፋኮ በሚባለው፣ በመሣሪያ በሚሠራው ቀዶ ሕክምና ግን ስንጥቁ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሞራው ተፈርፍሮ ይመጠጥና ሌንሱ ታጥፎ ይገባል። የማይታጠፈው ሌንስ መሐሉ ብቻ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ ቀዳዳ አያልፍም። የፋኮ ዋጋ ተቀብሎ የማይታጠፍ ሌንስ የሚያስገባ ስንጥቁን ማስፋቱ አይቀርም፤ የከፈላችሁበት ጥቅም እዚያው ቀረ። ለነገሩ ዓመታት ቆይቶ ለጠነከረ ሞራ በእጅ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ ፋኮው ሲፈረፍር የብሌኑን መስታወት (ከዓይን ፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን፣ ኮርኒያን) ሊጎዳ ይችላል።

ትልቁ ማጭበርበር ልኬቱ ላይ ነው። የሌንሱ ቁጥር የሚወሰነው በዓይኑ ርዝመትና በመስታወቱ ጉብታ ነው። ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ይዛባል፤ ሞራው ወጥቶም ሰውዬው ያለ ወፍራም መነጽር አይለይም። «ለሁሉም 21 ነው የምናስገባው» ከተባላችሁ ተነሱና ውጡ።

ሌንሱ ከእነ ተለጣፊ ወረቀቱ ነው የሚመጣው፦ ሞዴሉ፣ ቁጥሩ፣ መለያው፣ የሚያበቃበት ቀን። አንዱ ካርዳችሁ ላይ ይለጠፍ። «የአሜሪካ ነው» የሚለውን ይህ ወረቀት ይመስክር እንጂ ደላላው አይደለም።

ዋጋው የማግስቱን ምርመራና የሳምንታት ጠብታውን መያዙንም በደረሰኝ አጽፉ። «ዛሬውኑ አገራችሁ ትገባላችሁ፣ መመለስ አያስፈልግም» የሚል ቃል አደገኛ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኑ ከታመመ፣ ከቀላና እይታው ከደከመ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጻድቃኔ ማርያም ለመጠመቅ ያሰቡም ሐኪሙ ሳይፈቅድ ጸበሉን ከዓይናቸው ያርቁት፤ ይጠጡት።