ሳይበርፓንክ 2077፦ ምናባዊው ዓለም ዓይን ውስጥ ሲገባ

በሳይበርፓንክ ታሪኮች፣ ማለትም ቴክኖሎጂ በገነነበት ጨለማ የወደፊት ዘመን በሚካሄዱ ታሪኮች፣ ምናባዊው የኮምፒውተር ዓለም ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ ሌላ ቦታ ነው። ገጸ ባሕርይው ገመድ ሰክቶ ይገባል፣ ነቅሎ ይወጣል። የፖላንዱ ጌም ሠሪ ኩባንያ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ያወጣው ይህ ጌም ግን ድንበሩን የሚያፈርሰው ተጫዋቹ በሚያየው ስክሪን ላይ ነው። የጥይት ቁጥሩ፣ የሰዎች መረጃ፣ የሚደውልልን ሰው ፊት፣ ሁሉም ዋናው ገጸ ባሕርይ ቪ ሰውነቱ ውስጥ ካስተከላቸው መሣሪያዎች የሚመጡ ናቸው። መሣሪያ የሚተክልለት ሐኪም ቪክተር የቪን ዓይን ኪሮሺ በተባለ ሰው ሠራሽ ሌንስ ከቀየረለት በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የጌሙ ነው ወይስ የቪ ብሎ መለየት ያስቸግራል። ታሪኩም ከሞላ ጎደል ከቪ ዓይን አይወጣም።

የጌሙ ምርጥ ሐሳብ ብሬይንዳንስ ነው፤ ሌላ ሰው ያየውን፣ የሰማውንና የተሰማውን ቀርጾ ለሌላው ማጫወት። መጀመሪያ ቅጂውን በቀረጸው ሰው ዓይን እናያለን። ወደ ኤዲቲንግ ስንገባ ካሜራው ከሰውየው ይለያል፣ ጊዜውንም ወደፊትና ወደኋላ መጎተት እንችላለን። ንብርብሮቹ ሦስት ናቸው፦ ምስል፣ ድምፅና ሙቀት። ኮንፔኪ ፕላዛ በተባለው ሆቴል በተቀረጸው ቅጂ ቪ ሊሰርቀው የሚፈልገው ቺፕ ተደብቆ የተቀመጠው በቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ስለሆነ፣ በምስል ንብርብር ክፍሉን ሲያስሱ ቢውሉ አይገኝም። ወደ ሙቀት ቀይሩና ከአካባቢው የቀዘቀዘውን ነጥብ ስካን አድርጉ። ንብርብሩን ሳይቀይሩ ጊዜውን ብቻ መጎተት አይጠቅምም። ከታች ያለው የጊዜ መስመር ላይ የሚታዩት ምልክቶች ፍንጩ የት እንዳለ ይጠቁማሉ።

ከዚያ ጆኒ ሲልቨርሃንድ ይመጣል። ከ50 ዓመት በላይ በፊት የሞተው ሮከር አእምሮ በቺፑ ላይ ተቀድቶ ቪ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል። ኪያኑ ሪቭስ የሚጫወተው ይህ ሰው ግድግዳ ይደገፋል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ በሰው ንግግር መሀል ጣልቃ ይገባል፤ ከቪ በስተቀር ግን የሚያየው የለም። ስለ ሳይበርስፔስ፣ ማለትም ስለዚያ ምናባዊ ዓለም፣ ከተሠሩት ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ትርዒቶች ሁሉ ይልቅ የዚህ ሰው በክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ያሳምናል።

ቺፑ ሲበላሽ ምስሉ ይሰባበራል፣ ቀለሙ ይዛባል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ፊልም ግሬይን፣ ክሮማቲክ አበሬሽንና ሞሽን ብለር የሚሉትን አጥፏቸው። እነሱ ሁልጊዜ ምስሉን ሲያበላሹት ትርጉም ያለው ብልሽት ሳይታወቅ ያልፋል። ኢንተርፌስ ውስጥ ደግሞ ሚኒማፑን አጥፉ፤ መንገዱን በዓይን ማየት ትጀምራላችሁ። የሚያዞራቸው ሰዎች የካሜራ ንቅናቄውን ይቀንሱ። ብልጭልጭታ የሚጥል በሽታ የሚያስነሣባቸው ሰዎች ይጠንቀቁ፤ የብሬይንዳንስ ማስጀመሪያው ብልጭታ አደገኛ ሆኖ ስለተገኘ በ1.04 ዝማኔ ተለውጧል፣ የኒዮን መብራቱ ግን ዛሬም ብዙ ነው።

ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። በየቦታው የምንለቅማቸው የብሬይንዳንስ ቅጂዎች አይከፈቱም፤ የሚሸጡ ዕቃዎች ብቻ ናቸው። መክፈት የሚቻለው በተወሰኑ ተልእኮዎች ውስጥ ነው፣ እነሱም ጥቂት ናቸው። የዚህን ያህል ሀብታም ሐሳብ ይዞ እንዲህ መቆጠብ ያስቆጫል። ብርሃንና ነጸብራቅን እንደ እውነተኛው በሚያሰላው ሬይ ትሬሲንግ ኩሬው ሕንፃውንና መኪናውን ሁሉ ሲያሳይ ቪን አያሳይም፤ መስታወት ፊትም ቆመን ቁልፍ ካልተጫንን ፊታችንን አናይም። ስለ ማንነት የሚጠይቅ ታሪክ ይህን ማለፍ አልነበረበትም።

ለኮምፒውተር ቢያንስ 12 ጊጋባይት ራም፣ 6 ጊጋባይት ያለው ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድና ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ላይ 70 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። በተራ ሃርድ ዲስክ አትሞክሩት። ፕሌይስቴሽን 4 ወይም ኤክስቦክስ ዋን ላላቸው አልመክርም፤ በሴፕቴምበር 2023 የወጡት 2.0 ዝማኔና ፋንተም ሊበርቲ የተሰኘው ተጨማሪ ክፍል ለእነሱ አልተለቀቁም።