ስማርት ቦርዴ ከፀሐይ ጋር አይስማማም፦ ከ14 ወር በኋላ

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል። ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ብቅ ትላለች። ትንሽ ትንቀጠቀጥና ወደ ታች ትወርዳለች። ስሰርዛት ሌላ ቦታ ትወጣለች። የመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በአራተኛው ቀን የሚስቁት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሒሳብ አስጠናለሁ። ክፍሉ የራሴ ነው፣ ተማሪዎቼም ከ12 አይበልጡም። ስማርት ቦርዱን፣ ማለትም በጣትም በብዕርም የሚጻፍበትን ትልቅ ስክሪን፣ የገዛሁት ከኪሴ ነው፤ 75 ኢንች፣ 4ኬ፣ አንድሮይድ ውስጡ ያለው። የመሥሪያ ቤት ንብረት ቢሆን ምን አገባኝ ብዬ አልፈው ነበር። የራስ ገንዘብ ግን ያንገበግባል።

መጀመሪያ ቫይረስ ነው አልኩ። ሶፍትዌሩን አፕዴት አደረግኩ። ቀጥሎ ብዕሩን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ኬብሉን፣ ከዚያ የመብራቱን መስመር። ሁሉንም እንደ አዲስ አጥፍቼ አስነሳሁት። መስመሯ ሰዓቷን ጠብቃ መጣች። ነገሩ የገባኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። ሁለት ቀን ሙሉ ደመና ሆነ፤ ቦርዱም ሁለት ቀን ሙሉ ጨዋ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች፣ እሱም አበደ።

የኔ ቦርድ ጣቴን የሚያውቀው በመስታወቱ አይደለም። በፍሬሙ ዙሪያ ጥቃቅን የኢንፍራሬድ መብራቶች ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ትይዩ ደግሞ ብርሃኑን የሚቀበሉ ሴንሰሮች አሉ። ዓይን የማያየው ጨረር ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይተላለፋል፣ እንደ መረብ። ጣት ሲገባ ጨረሩ ይቋረጣል። ቦርዱ የት ላይ እንደተቋረጠ አስልቶ ነጥብ ያስቀምጣል። ብልህ ዘዴ ነው፣ አልክድም። ግን ፀሐይም ኢንፍራሬድ ትረጫለች፣ ያውም በገፍ። በግራ በኩል ካለው መስኮት የምትገባው የጠዋት ፀሐይ በቀኙ ፍሬም ያሉትን ሴንሰሮች ፊት ለፊት ትመታለች። እነሱም ይደናበራሉ። ያልነካሁትን ነካህ ይሉኛል፣ የነካሁትን ደግሞ ይክዱኛል።

እዚህ ላይ ነው ከሻጩ ጋር በሐሳቤ የምጣላው። ወንድሜ፣ «20 ጣት በአንድ ጊዜ ያነባል» ብለኸኝ ነበር። ሃያ አንደኛዋ ፀሐይ መሆኗን ለምን አልነገርከኝም? «መስኮትህ ወዴት ያያል?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መልስህን አውቀዋለሁ፤ «ማንዋሉ ላይ ተጽፏል» ትለኛለህ። እውነትህን ነው፣ ተጽፏል። ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይተከል ይላል፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከክብደቱና ከዊንጮቹ ዝርዝር በታች። ግን ማንዋሉ ያለው ካርቶኑ ውስጥ ነው። ካርቶኑ የሚከፈተው ደግሞ ከተከፈለ በኋላ ነው!

ሌላም ዓይነት አለ። እንደ ስልካችን ስክሪን የጣትን ኤሌክትሪክ የሚያነብ። እሱ ፀሐይን ከቁብ አይቆጥራትም። በዚህ ስፋት ሲሠራ ግን ዋጋው ይወጣል፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ የምናያቸው ትልልቅ ቦርዶች አብዛኞቹ ኢንፍራሬድ ናቸው። ሻጩ ሁለቱንም «ተች ስክሪን»፣ በንክኪ የሚሠራ ስክሪን፣ ብሎ ይጠራቸዋል። በስም አንድ ናቸው፣ በጠባይ ግን አይገናኙም።

ጨረሩ ከመስታወቱ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ እጅጌም ይጽፋል። የመዳፌ ጠርዝ ጠጋ ካለ ይጽፋል። ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የማስተምረው። በታችኛው ፍሬም ላይ አቧራ ሲጠራቀም ደግሞ ብዕሩ እየዘለለ ይጽፋል፤ እሱ እንኳ በደረቅ ጨርቅ ይድናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እጠርገዋለሁ።

ወንድሜ ሻጩ፣ «የተማሪ ውጤት ይጨምራል» ያልከውን ግን አልረሳሁትም። ይህ ወሬ ካንተ ዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። ስማርት የሚባለው የካናዳ ኩባንያ የመጀመሪያውን ቦርድ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1991 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ2000 ወዲህ ለትምህርት ቤቶች ቦርድ መግዣ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። ተመራማሪዎች የለንደንን ትምህርት ቤቶች አጥንተው በ2007 ባወጡት ሪፖርት፣ ቦርዱ በገባበት ዓመት ውጤት ለመሻሻሉ ማስረጃ አላገኙም። ተማሪዎቹ ግን ወደውት ነበር። የኔዎቹም ይወዱታል። በተለይ ቀይዋን መስመር።

ታዲያ ለምን አልሸጠውም? አንድ ማታ ልሸጠው ቆርጬ ነበር። ፎቶ ሁሉ አንስቼለታለሁ። በነጋታው ታማ ሳምንት የቀረች ተማሪ መጣች። ያመለጣትን ትምህርት ከፈትኩላት። የፓራቦላው ሥዕል እንዳለ አለ፤ የሳትኩትና ያረምኩት ምልክት ሳይቀር። በጠመኔ ጽፌው ቢሆን ያን ቀን ማታ በዳስተር ሄዷል። ገጾቹን ወደ ኋላ እያገላበጥን አንድ ሰዓት አብረን ሠራን። ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹን ከስልኬ አጠፋኋቸው። ለነገሩ ያ ቀን ደመና ነበር። እኔና ቦርዱ የምንዋደደው በደመና ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ጎግል ጃምቦርድ የሚባል የራሱን ቦርድ በ2016 አስተዋወቀ። በ2024 መጨረሻ አፑን ጭምር ዘጋው። ሰዎች በዓመታት የሠሩትን ገጽ ለማውጣት ተሯሯጡ። የጎግል ዕቃ እንዲህ ከሆነ የኔውማ ምን ዋስትና አለው? ስለዚህ ክፍል ባለቀ ቁጥር ሁሉንም ገጽ ፒዲኤፍ አድርጌ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ሲገዙ ስለ ኢንች ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች ይህንንም ይጠይቁ፦ ሶፍትዌሩ ቢዘጋ ጽሑፌን በምን እከፍተዋለሁ?

እንደገና ብገዛስ? ቦርድ እገዛለሁ፣ ይህን ግን አልገዛም። ቢያንስ ከመግዛቴ በፊት ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስቤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይዋ የት የት እንደምትደርስ አያለሁ። አሁን ግን ግድግዳው ተበስቷል፣ ብረቱ ተተክሏል። ወደ ሌላው ግድግዳ ላዛውረው ብል በሩ አያስኬደኝም።

ባለፈው ወር ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ብርሃን የማያሳልፈውን። ክፍሉ በጠራራ ፀሐይ ሲኒማ ቤት መሰለ። መስመሯ ግን ጠፋች። 3 ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ዝም። 4 ሰዓት ሆነ፣ ዝም። ደስ ብሎኝ አንድ እኩልታ ፈታሁና መልሱን በትልቁ ጻፍኩ፦ 35። ዞር ስል ዝንብ መጥታ በ3 እና በ5 መሃል አረፈች። ከፊት የተቀመጠው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ 3.5 ነው እንዴ?»