ሲንኩ ሲደፈን ምን እንግዛ? ፕላንጀር፣ ሞላ ሽቦ ወይስ ኬሚካል

ሲንክ የሚደፈንበትን ሰዓት ያውቅበታል። መሽቶ፣ ዕቃ ተከምሮ፣ ሰው ደክሞት ነው። ውሃው ግራጫ ሆኖ ይቆማል። ላዩ ላይ ክብ ክብ ቅባት ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሱቅ ሮጦ መጀመሪያ ያየውን ነገር ገዝቶ ይመለሳል።

እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የገዛሁት ፍሬ ፍሬ ኮስቲክ ሶዳ ነበር። ማሸጊያው ላይ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ ይላል። እኔ ግማሹን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ተንተከተከ፣ ሲንኩ ሞቀ፣ ጭስ ነገር ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ውሃው እዚያው ነው። ሶዳው ወርዶ ሲፎኑ፣ ከሲንኩ ስር ያለው ጥምዝ ቧንቧ፣ ሆድ ውስጥ ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። ሲፎኑን መፍታት ግድ ሆነ። መጀመሪያውኑ ብፈታው የሚወርድብኝ ቆሻሻ ውሃ ብቻ ነበር፤ አሁን የሚወርደው ቆዳ የሚልጥ ውሃ ነው። ጓንቱ ካለቀበት ላይ፣ እጄ አንጓ ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች። ምልክቷ ቶሎ አልለቀቀኝም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ኬሚካል የምለውን ስታነቡ ቂም እንዳለብኝ እያሰባችሁ አንብቡ።

ከመግዛት በፊት፦ የተደፈነው የት ጋ ነው?

የመታጠቢያ ቤት ሲንክ የሚደፈነው ባብዛኛው በፀጉር ነው። የወጥ ቤቱ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ዋናው ጥፋተኛ ቅባት ነው። ከመጥበሻ ሲወርድ ትኩስና ፈሳሽ ነው፤ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ይረጋል። በላዩ የሩዝ ፍሬ፣ የቡና አተላ፣ የሳሙና ዝቃጭ ይለጠፍበታል። እንዲህ እያለ ቀዳዳው በየቀኑ ይጠባል። አንድ ቀን ድንገት የተደፈነ ይመስላል እንጂ ስራው የወራት ነው።

ቦታውን ለመገመት ቀላል መንገድ አለ። ሲንኩ ባዶ ሲሆን ቧንቧውን ክፈቱ። ውሃው ወዲያው ወደ ላይ ከተመለሰ የተደፈነው ቅርብ ነው፤ አፉ ላይ ወይም ሲፎኑ ውስጥ። መጀመሪያ ጥቂት ሊትር በደንብ ወርዶ ከዚያ ከቆመ ግን ችግሩ ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሊሆን ይችላል። ሲንኩን ስትጠቀሙ ሻወሩ ወለል ላይ ውሃ ብቅ ካለ ወይም ሽንት ቤቱ ከተንጎራጎረ ደግሞ ምንም አትግዙ። ያ የዋናው መስመር ጉዳይ ነው፤ ባለሙያ ጥሩ።

ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ሲፎን ውስጥ ላለ ችግር ረጅም ሽቦ መግዛት ከንቱ ነው። ሦስት ሜትር ርቆ ላለ ችግር ደግሞ አንድ ጠርሙስ ኬሚካል ቢፈስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ፕላንጀር

እጀታው ጫፍ ላይ የጎማ ቆብ ያለው፣ ሁላችንም የምናውቀው ዕቃ ነው። ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይልም። አንደኛው ከታች ጠፍጣፋ ከንፈር ያለው ቆብ ነው፤ ለሲንክ የሚሆነው እሱ ነው። ሌላኛው ከውስጡ ተጨማሪ የጎማ አፍ ይወጣለታል፤ ያ የተሰራው ለሽንት ቤት ነው። ሲንክ ላይ አይገጥምም። ደግሞም ለሁለቱም አንድ ፕላንጀር መጠቀም እንኳን ለጤና፣ ለሃሳቡም አይመችም።

ስትገዙ ጎማውን በጣታችሁ ጨመቅ አድርጉት። ለስላሳ ከሆነ ሲንኩ ላይ ይለጠፋል። ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ አየር በጎኑ ያመልጣል፤ የምትገፉት ውሃ ሳይሆን አየር ይሆናል። ቆቡ የሲንኩን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት።

አብዛኛው ሰው «ፕላንጀር አይሰራም» የሚለው አጠቃቀሙን ስለሳተ ነው። ሲንኩ ውስጥ ቆቡን የሚሸፍን ውሃ መኖር አለበት። ሲንኩ ባለ ሁለት ገንዳ ከሆነ የሌላኛውን ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ጥፍንግ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ አለዚያ የገፋችሁት ሁሉ በዚያ በኩል ይወጣል። የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለም እንዲሁ ይደፈን። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ከሲንኩ ቧንቧ ጋር ከተገናኘ የማሽኑን ቱቦ በመቆንጠጫ ያዙት፤ ቆሻሻው ወደ ማሽኑ እንዳይገባ። ከዚያ 15 ወይም 20 ጊዜ ያለማቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች። ስትስቡት ልክ ስትገፉት ያህል አጥብቃችሁ ሳቡ። የረጋውን ነገር የሚያላቅቀው ወዲያና ወዲህ መነቅነቁ ነው።

ደካማ ጎኑ? ቅባቱ በቧንቧው ርዝመት ከተጋገረ ፕላንጀር ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አያነሳውም። ያም ሆኖ ርካሽ ነው፣ ለዓመታት ይቆያል፣ ማንንም አያቃጥልም። በአየር ግፊት የሚተኩስ ሽጉጥ መሳይ ዕቃም አለ። ጉልበተኛ ነው፤ ችግሩም ጉልበቱ ነው። ያረጀ ወይም በደንብ ያልጠበቀ መገጣጠሚያ ካለ ሊያላቅቀው ይችላል። ለቤት አልመክረውም።

ሞላ ሽቦ

ይህ እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ተጣጣፊ ሽቦ ነው። ከበሮ መሰል ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ከኋላው የእጅ ማዞሪያ ያለው ይሻላል። ለወጥ ቤት ሲንክ 6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረትና ከ5 እስከ 7 ሜትር ርዝመት ይበቃል። ከበሮ የሌለው፣ እንዲሁ በእጅ የሚገፋው ቀጭን ሽቦ ዋጋው ቢቀንስም ገና መጀመሪያው እጥፋት ላይ ይጣመማል። አንዴ ከተጣመመ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም።

ሽቦው ከፕላንጀር የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ሩቅ ይደርሳል። ከግድግዳው ወዲያ ላለ ችግር ቤት ውስጥ ከሚሰሩት ሁሉ እሱን የሚተካ የለም። ግን በሲንኩ አፍ ከማስገባት ሲፎኑን ፈትቶ በቀጥታ ግድግዳው ውስጥ ባለው ቧንቧ መስደድ ይሻላል። የሲፎኑን ጥምዝ ለማለፍ የምትታገሉት ትግል ይቀርላችኋል።

ሽቦ መጠቀም የእጅ ስሜት ይጠይቃል። ሲቆምባችሁ አትግፉ፤ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩት። የቧንቧ እጥፋት ከሆነ ጠጠር ያለ ስሜት አለው፤ ጥቂት ሲዞር ሸርተት ብሎ ያልፋል። ቅባት ከሆነ ግን ለስለስ ይላል፣ ሽቦው እየገባ ይያዛል፣ መዞሩ ይከብዳል። ያኔ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጫፉ ላይ የሚወጣው ነገር ግራጫ፣ የሚሸት፣ እንደረጋ ሻማ ያለ ነው። ከስሩ ባልዲና ያረጀ ጨርቅ ይኑር።

ሻጩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ሽቦ ፀጉርን ጎትቶ ያወጣል፣ ቅባትን ግን ብዙ ጊዜ ይበሳዋል እንጂ አይጠርገውም። ውሃው ይወርዳል፣ ደስ ይላችኋል፣ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ከሽቦው በኋላ ሞቅ ያለ ውሃ ከዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ልቀቁበት።

ከጎኑ የሚሸጠው ባለ ጥርስ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ለፀጉር ነው። ለመታጠቢያ ቤት ግዙት፤ ለወጥ ቤት እርሱት።

ኬሚካል

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን ከኋላ የተጻፈውን አንብቡ። ሦስት ስሞች ይበቃሉ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካለ ያው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ካለ የበረኪና ዘመድ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ጠርሙስ ይገኛሉ። ሰልፈሪክ አሲድ ካለ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት፤ የባለሙያ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ ለቅባት ይሰራል የሚባለው ውሸት አይደለም። ከቅባት ጋር ሲገናኝ ቅባቱን ወደ ሳሙና ይቀይረዋል። ውሃ ሲነካው ደግሞ ራሱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ቅባቱን ያላላል። ችግሩ ሰው የሚገዛው ውሃው ጭራሽ ሲቆም መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ኬሚካሉ የቆመው ውሃ ውስጥ ይቀጥናል፣ የተደፈነው ጋ ሲደርስ አቅም የለውም። ወይ እንደኔ በብዛት ይጨመርና ይጋገራል። የተሻለ የሚሰራው ውሃው ቀስ እያለም ቢሆን በሚወርድበት ጊዜ ነው። ወፈር ያለው ፈሳሽ ዓይነት ከውሃ ስለሚከብድ ከፍሬው ይሻላል።

ከገዛችሁት ግን ቀልድ የለም። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ሶዳውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ ሶዳው ላይ አትድፉ። ከሌላ ነገር ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ በረኪና ያለበት ነገር ከአሲድ ጋር ሲገናኝ፣ አቼቶም ቢሆን፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሉሚኒየም ያለበት ቦታ አይነካ፤ ሶዳው ይበላዋል። ኬሚካል ካፈሰሳችሁ በኋላ ፕላንጀር አትጠቀሙ፤ የሚረጨው ወደ ፊታችሁ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማጠብና ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ከጠራችሁም ገና በር ላይ ንገሩት። ሳያውቅ ሲፎኑን ይፈታና የኔ ዕጣ ይደርሰዋል።

ኢንዛይም ወይም ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ሌላ ነገር ነው። ቅባቱን ቀስ ብሎ ይበላል፤ ማታ ተጨምሮ ሲያድር ነው የሚሰራው። ለተደፈነ ሲንክ አይሆንም። ዛሬ ለተከፈተ ሲንክ፣ እንዳይመለስ ግን ጥሩ ግዢ ነው። በረኪና ወይም የፈላ ውሃ ካስከተላችሁበት ይሞታል፤ ገንዘባችሁም አብሮ።

ወጥ ቤት ውስጥ ያሉት

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ናቸው። አረፋው ያምራል። ግን አንዱ አሲድ ሌላው ተቃራኒው ስለሆነ ተፋጅተው የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነገር ነው። ጋዙም የተደፈነውን ከመግፋት ይልቅ በተከፈተው አፍ ወደ ላይ ይወጣል። ሽታ ይቀንሳል፤ ሲንክ ይከፍታል ብዬ ግን አልዋሽም።

የፈላ ውሃ ደግሞ ለብረት ቧንቧ እንጂ ለፕላስቲክ አይደለም። ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፤ የፈላ ውሃ 100 ነው። እጅ የማይችለው፣ ግን ያልፈላ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር ይበቃል።

የማይሸጠው አማራጭ

የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ከሆነ መልሴ አጭር ነው። አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነ ለስላሳ ቆብ ያለው ፕላንጀር። ችግሩ የሚመላለስ ከሆነና ራቅ ያለ ከሆነ ከበሮ ያለው ሽቦ ጨምሩ። ኪራይ ቤት ከሆነና ቧንቧው ያረጀ ከሆነ ኬሚካል አይታሰብ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለም እንዲሁ።

ከሁሉም በፊት ግን ሲፎኑ አለ። ከሲንኩ ስር ያለው ያ ጥምዝ ቧንቧ ለጌጥ የተሰራ አይደለም። ሆዱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ይዘጋል። አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ሰዓት ሠሪ በ1775 እንደ «S» ፊደል ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ሲፎን ያለውን ሽንት ቤት ሲያስመዘግብ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ሽታ የሚያስቀረው ጥምዝ ቆሻሻም ያስቀራል። ወጥ ቤት ውስጥ ከሚያጋጥመው ብዙው እዚያች ሆድ ውስጥ ነው።

ፕላስቲክ ከሆነ ዳዶዎቹ በእጅ ይፈታሉ። ባልዲ ከስሩ፣ ከዚያ ሁለቱን ዳዶ ወደ ግራ። ውሃው ዱብ ይላል፣ ጥቁር ጭቃ ይከተላል፣ አንዳንዴ ማንኪያ። የጎማ ቀለበቶቹ በየትኛው ፊት እንደነበሩ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ተገልብጠው ከገቡ ያንጠባጥባሉ። ስትመልሱ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል። ቴፍሎን የሚባለው ነጭ ቴፕ አያስፈልግም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው። ከዚያ ደረቅ ሶፍት መገጣጠሚያው ላይ አስጠግታችሁ ውሃ ልቀቁ። ሶፍቱ ከረጠበ ሩብ ዙር ጨምሩ።

አንድ ነገር ብቻ፦ የፈታችሁትን ሲፎን እዚያው ሲንክ ውስጥ አትጠቡት። እኔ አጥቤዋለሁ። ውሃው በቀጥታ ጫማዬ ላይ ነው የወረደው።