ለቱሳኗ እንባ ጠባቂያችን

እማዬ በረዶ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ፣ ከሚኒያፖሊስ መውጣት እንዳለባት ገባን። ጉልበቷ ብርዱን አልቻለውም፤ መርሳቱም ብሶባት ነበር። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች። እኔና ወንድሜ ሞቃት ከተማ ውስጥ፣ ኪሳችን የሚችለው የአረጋውያን መኖሪያ ፍለጋ ገባን።

የእሷ ልብ ላስ ቬጋስ ነበር፤ ሐበሻ ሞልቶበታላ። ግን እዚያ በየሳምንቱ ብቅ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ወንድሜ ያለው አሪዞና ነው። ፊኒክስን ሙቀቷ አስፈራን፤ በ2023 በጋ የቀኑ ሙቀት 31 ቀን በተከታታይ 43 ዲግሪ ገብቷል። ቱሳን 730 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ትንሽ ቀለል ትላለች። ትንሽ ነው ያልኩት! የጠየቅናቸው ቤቶች ዋጋም ከሚኒያፖሊሶቹ ይሻላል።

መጀመሪያ የደወልነው «አገልግሎታችን በነፃ ነው» ለሚል ቤት ጠቋሚ ነበር። ለካ ኮሚሽኑን የሚከፍሉት ቤቶቹ ናቸው። ያሳየንም ከእሱ ጋር ውል ያላቸውን ሦስት ቤቶች ብቻ። አንዱን ወደድነው፤ ቀብድ ልንከፍል ቀን ቆርጠን ነበር።

ወንድሜ ግን አላመነም። ፒማ ካውንስል ኦን ኤጂንግ ደወለ፤ በቱሳንና አካባቢዋ የአረጋውያንን ጉዳይ የሚከታተል ድርጅት ነው። እነሱም ከኦምቡድስማን ክፍል አንዲት ጡረተኛ ሴትዮ አገናኙን። ኦምቡድስማን ያው አገር ቤት እንባ ጠባቂ የምንለው ነው። እዚህ በእንክብካቤ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን አቤቱታ ይሰማል፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

ሴትዮዋ «ይሄ ቤት ይሻላችኋል» አላሉንም፤ ሥራቸው አይደለም። «ፈቃዱን አይታችኋል?» ብቻ አሉ። አላየንም። እኛ ያየነው መጋረጃውን ነው!

በአሪዞና የእነዚህ ቤቶች ፈቃድ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ራሱን ለቻለ፣ የሚከታተለው ዓይን ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ሁለተኛው ለመታጠብና ለመልበስ ረዳት ለሚያስፈልገው። ሦስተኛው፣ ዳይሬክትድ ኬር የሚሉት፣ አደጋን ለይቶ ማወቅ ለተሳነው ነው። ቀብድ ልንከፍልበት የነበረው ቤት ፈቃዱ ሁለተኛው ነበር። የእማዬ መርሳት ሲብስ ዕቃዋን ሸክፈን ሌላ ቤት ልንፈልግ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጥያቄ አስጠኑን። ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው አለ ወይስ ሠራተኛውም ይተኛል? ኤሲ ቢበላሽ አረጋውያኑን የት ትወስዷቸዋላችሁ? ዋጋው ላይ በኋላ ምን ምን ይጨመራል? «እሁድ በእራት ሰዓት ሳትነግሯቸው ሂዱ» አሉን፤ «የውኃ ብርጭቆዎቹን እዩ፣ ሞልተው ነው ወይስ ደርቀው?» ሄድን። አንዱ ቤት ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ የሚባል የለም። ሰኔ ነው፣ በረሃ ነው! የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት የቁጥጥር ውጤት የሚለጠፍበትን ኤዜድ ኬር ቼክ የሚባለውን ድረ ገጽም ያሳዩን እሳቸው ናቸው።

የዚያው ድርጅት ሌላ ሠራተኛ ደግሞ ከትልቅ ስህተት አወጣን። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን፣ የእነዚህን ቤቶች ኪራይና ምግብ አይከፍልም። አቅም ላነሰው በእንክብካቤው ወጪ የሚያግዘው አልቴክስ የሚሉት የአሪዞና ፕሮግራም ነው። እማዬ ያጠራቀመቻትን ብር ለወንድሜ ልታስተላልፍ ነበር። ለካ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት በስጦታ የተሰጠ ገንዘብ ይመረመራል፤ እርዳታውንም ሊያዘገይ ይችላል።

አሁን እማዬ ሦስተኛው ፈቃድ ያለው ቤት ናት። ስምንት ሆነው ይኖራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቡና ስትቆላ የጭስ ደወሉ ጮኾ ቤቱ በሙሉ ግቢ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ትቆላለች። ሐምሌ ላይ የበረሃው ዝናብ ሲመጣ አፈሩን አሽትታ «ክረምት ገባ» አለች። ስንት ነገር ረስታ ይቺን አልረሳችም።

ሌላ ከተማ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ኦምቡድስማን በሁሉም ስቴት አለ። ኤልደርኬር ሎኬተር የሚባለው የአረጋውያን አገልግሎት ጠቋሚ መስመር በ1-800-677-1116 ያገናኛችኋል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ።

ለሴትዮዋ ስጦታ ልንሰጥ ብንል አልተፈቀደልኝም ብለው መለሱት። ለዚህ ነው እዚህ የማመሰግናቸው። የእማዬን ቡና ግን እንቢ አላሉም፤ እስከ በረካ ተቀመጡ።