ፒክአፕ ልግዛ ወይስ ፖት?

ደብረ ብርሃን ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ድምፁ ሲሰለቸው ወዲያው ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል) መቀየር ያምረዋል። እኔንም አምሮኝ ነበር። አሁን ግን ሰው ሲያማክረኝ «ቆይ፣ መጀመሪያ የጊታሩን ሆድ ክፈተው» ነው የምለው።

በጥቂት ብር እንጀምር። ቮልዩምና ቶን የምናዞርባቸው ፖቶች ባብዛኛው በሁለት ልክ ይመጣሉ፤ 250 እና 500 ኪሎ ኦም። ቁጥሩ ሲያንስ ቀጭኑ ድምፅ ወደ ግራውንድ (የመመለሻው መስመር) ያመልጣል። ስለዚህ ለሲንግል ኮይል (አንድ ጥቅል ሽቦ ላለው ፒክአፕ) 250፣ ለሀምባከር (ሁለት ጥቅል ላለው) 500 የተለመደ ነው። ሀምባከር ላይ 250 ከተገጠመ ድምፁ ይታፈናል። ጊታራችሁ እንዲህ ከሆነ በፒክአፑ አትፍረዱ፤ ፖት ግዙ። የተጻፈውንም አትመኑ፣ በቴስተር ለኩት። 500 የተባለው 400 ቢወጣ አይግረማችሁ።

ቶኑ ላይ የተበየደው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያሳልፈው ካፓሲተር ደግሞ ከዚህም ይረክሳል። ቶኑ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሲሆን 0.022 እና 0.047 ማይክሮ ፋራድ ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ ቶኑን ስትቀንሱት ነው። በ0.047 ጊታሩ ጋቢ የተከናነበ ይመስላል። 0.022 ግን ቶኑን ዝቅ አድርጋችሁም ቃናው ተለይቶ ይሰማል። ትዝታ በአንገት በኩል ባለው ፒክአፕ ለሚጫወት ሰው እኔ 0.022 ነው የምመርጠው። በውድ የሚሸጡ ባለቀለም ካፓሲተሮች አሉ። ልካቸው አንድ ከሆነ የእኔ ጆሮ አልለያቸውም።

ወደ ፒክአፑ ስንመጣ ሲንግል ኮይል ጥርት ይላል፤ ክራር ለለመደ ጆሮ ደስ ይላል። ጣጣው የ50 ኸርዝ መብራታችንን ጩኸት አብሮ ማንሳቱ ነው። የጊታር ፋብሪካው የጊብሰን ሠራተኛ ሴት ላቨር በ1955 ገደማ ሀምባከርን የሠራው ለዚሁ ችግር ነው። ሁለቱ ጥቅሎች ተቃራኒ ስለሆኑ ጩኸቱን ያጣፋሉ፣ የክሩን ድምፅ ግን ይደምራሉ። ድምፁም ይወፍራል። ቤት ውስጥና ስቱዲዮ ለሚጫወት ሲንግል ይበቃዋል። ሠርግ ቤት ጄኔሬተር አጠገብ ለሚቆም ሰው ግን ሀምባከር ይሻላል። ባለአራት ሽቦ ሀምባከር ከገዛችሁ አንዱን ጥቅል ዘግታችሁ ወደ ሲንግል የሚጠጋ ድምፅ ታገኛላችሁ፤ ጩኸቱም አብሮ ይመለሳል።

ሀምባከር በሲንግል ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ወይ በመሮ እንጨት መፈልፈል ነው፣ ወይ በሲንግል መጠን የተሠራውን መፈለግ። እኔ መሮ አንስቼ አላውቅም፣ አላነሳምም።

ለጩኸት ብላችሁ ሀምባከር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ክሩን በእጃችሁ ንኩት። ጩኸቱ ቢቀንስ የተለመደ ነው። ሲነካ ከባሰበት ግን ከብሪጁ (ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት) ጋር የሚያያዘው የግራውንድ ሽቦ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ይህ በአንድ ጠብታ ሊድ (ሽቦ የሚበየድበት) ይድናል።

ስለ ሊድ ካነሳን አይቀር፣ የመጀመሪያ ፖቴን ያቃጠልኩት ራሴ ነኝ። በኅዳር ብርድ፣ በደካማ ባለ25 ዋት የሊድ ማቅለጫ ካውያ የፖቱን ጀርባ አንድ ደቂቃ ያህል ስጋግረው ውስጡ ሞተ። የፖት ጀርባ ሙቀት ይመጥጣል። 40 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ያዙ፣ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ቶሎ ነክታችሁ አንሱ። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሷቸው።

ክሩን ከማሰራችሁ በፊት ገመዱን አምፕ ላይ ሰኩና ፒክአፑን በካቻቢቴ ጫፍ መታ መታ አድርጉት። ቶክ ቶክ ካለ ክዳኑን ዝጉ።